ነጭ ሞራ፣ ሰማያዊ ቀለም

ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ሳብያ ውስጥ፣ በእርሻውም በከብት ጥበቃውም ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ፣ ከአገር ቤት የሚደወልለት ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የሚያስልክ ነው። አንዳንዴ ጉዳዩ የአባት ወይም የእናት ዓይን ይሆናል። «ሞራ ጋርዶታል፤ ዘመቻ መጥቷል ይላሉ።» ሕክምናው ነፃ ቢሆንም መጓጓዣና ማረፊያ ወጪ አለውና ልጅ ሪያሉን ይልካል። ዋጋውንና ቀኑን ይጠይቃል። የሚሠሩት በምን መሣሪያ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገኝም።

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ለዚህ የዳረጋቸው ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ዘመቻው በርክቷል። ኔፓላዊው ሳንዱክ ሩይትና አሜሪካዊው ጄፍ ታቢን እ.ኤ.አ. በ1995 የመሠረቱት የሂማሊያ ካታራክት ፕሮጀክት፣ መቐለ አጠገብ ባለው የኩይሓ ሆስፒታልና በሌሎችም ቦታዎች፣ ከአገር ውስጥ ባለሙያዎች ጋር በጥቂት ቀናት ውስጥ የመቶዎችን ዓይን ሲገልጥ ቆይቷል። ዜናው የሚነግረን ቁጥሩን ነው። ሐኪሙ የሚቆርጠውን ነገር ምን ያህል አጥርቶ አይቶት እንደነበር አይነግረንም።

ሞራ የሚባለው የደፈረሰ የዓይን ሌንስ ነው፤ የሚገኘውም በስስ ከረጢት ውስጥ ነው። ሐኪሙ የከረጢቱን የፊት ገጽ በክብ ቀድዶ የደፈረሰውን ያወጣና በዚያው ከረጢት ውስጥ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስቀምጣል። የከረጢቱ የኋላ ግድግዳ መሃሉ ላይ 4 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው የሚወፍረው፤ አንዲት የራስ ፀጉር ከ10 እጥፍ በላይ ትበልጠዋለች። ያ ግድግዳ ከተቀደደ ከኋላው ያለው ቪትሪየስ የሚባለው ዝልግልግ አካል ወደፊት ይመጣል፤ አዲሱ ሌንስም ማረፊያ ያጣል። የኢንፌክሽንና ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን (ሬቲና) የመላቀቅ ስጋትም ይጨምራል።

ታዲያ ሐኪሙ የሚሠራበት የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ ይህን የሚከላከለው በማጉላት ብቻ አይደለም። ሁለቱ መመልከቻዎች ለሁለቱ ዓይኖች የየራሳቸውን ምስል ስለሚሰጡ ሐኪሙ ጥልቀትን ይለካል፤ በእጁ የያዘው መሣሪያ ከኋላው ግድግዳ ምን ያህል እንደራቀ ያውቃል። እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ ትኩረቱንና ማጉያውን የሚያስተካክለው በእግሩ ፔዳል ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ብርሃኑ ነው። ከሐኪሙ እይታ ጋር በአንድ መስመር ገብቶ ከዓይን ጀርባ ነጥሮ ሲመለስ ብሌኑን ብርቱካናማ ቀይ ያደርገዋል። በፍላሽ በተነሣ የሠርግ ፎቶ ላይ ሙሽሮቹን ቀይ ዓይን ያደረጋቸውም ይኸው ነጸብራቅ ነው። በዚያ ቀይ መደብ ላይ የከረጢቱ የተቀደደ ጠርዝ እንደ ጥላ ጎልቶ ይታያል።

የእኛ አገር ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ወደ ሕክምና የሚሄደው ዓይኑ ጨርሶ ከጨለመ በኋላ ነው፤ ሞራው ወተት መስሏል። ብርሃን አልፎት አይገባም፣ ቀዩ ነጸብራቅም የለም፣ ነጭ በነጭ ላይ ነው። መፍትሔው ትራይፓን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ነው። ጥቂት ጠብታ ከረጢቱን ያቀልመዋል፤ ጠርዙም ይለያል። ያበጠ ሞራ ግን ከውስጥ ስለሚገፋ የጀመሩት ክብ ድንገት ወደ ጎን ሊተረተር ይችላል፤ ያኔ በሰማያዊው መሃል ነጭ ሰንበር ይወጣል። ሐኪሞች «የአርጀንቲና ባንዲራ» ይሉታል። ይህንን በጊዜ አይቶ ግፊቱን ማብረድ የሚችለው የጠራ ማይክሮስኮፕ ያለው ሐኪም ነው። እጅግ የከበደው ዓይን ብዙ ጊዜ የሚታከመው ግን እየተጫነና እየተራገፈ ከወረዳ ወረዳ በሚዞር መሣሪያ ነው።

መሣሪያው ራሱ ወደ ዓይን የመጣው ከጆሮ ሕክምና ነው። ስዊድናዊው ካርል ኒሌን እ.ኤ.አ. በ1921 ስቶክሆልም ውስጥ ለጆሮ ቀዶ ሕክምና ተጠቀመበት፤ ለዓይን ቺካጎ ላይ የተጠቀመበት ሪቻርድ ፔሪት ሲሆን ጊዜውም 1946 ነው። በ1953 ዛይስ ኩባንያ በብዛት የሚመረተውን ማይክሮስኮፕ አወጣ።

መሣሪያውን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ አጥርቶ እንዲያሳይ አድርጎ ማቆየት ሌላ። እርጥበት ያለበት ክፍል ውስጥ የከረመ የማይክሮስኮፕ ሌንስ ፈንገስ ሊያበቅል ይችላል። በቀዶ ሕክምናው መሃል አምፖል ሲቃጠል መለዋወጫው ክፍሉ ውስጥ ከሌለ፣ ወይም መብራት ሲጠፋ የሚተካ ኃይል ካልተዘጋጀ፣ ዓይኑ እንደተከፈተ ሥራው ይቆማል። ብርሃኑን ከልክ በላይ ከፍ ማድረግም መፍትሔ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ያረፈበት ኃይለኛ ብርሃን ሬቲናን ይጎዳል። ለጋሽ ማይክሮስኮፕ ሲያስረክብ ፎቶ ይነሣል፤ ለሚጠግነው የባዮሜዲካል ባለሙያ የሚመደበው በጀት ግን የማንም ዜና አይደለም። ሁለተኛ መመልከቻ ያለው ማይክሮስኮፕ ሠልጣኙ መምህሩ የሚያየውን እንዲያይ ያደርጋል፤ ጎንደርና ዳግማዊ ምኒልክን ለመሳሰሉ የዓይን ሐኪም ማሠልጠኛዎች ይህ ቅንጦት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ጉባኤ ውጤታማ የሞራ ቀዶ ሕክምና ሽፋንን እስከ 2030 ድረስ በ30 የመቶኛ ነጥብ ለማሳደግ ግብ ጣለ። በዚህ ስሌት ዓይኑ ተሠርቶለት ማየት ያልቻለ ሰው እንደታከመ አይቆጠርም። የዘመቻ አዘጋጆችም ከተሠሩት ዓይኖች ብዛት ጎን ስንቱ ከረጢት እንደተቀደደና ከሳምንታት በኋላ ስንቱ ሰው በደንብ እንዳየ ጽፈው ማስረከብ አለባቸው። የጤና ቢሮዎች ይህን ሳያዩ ለቀጣዩ ዘመቻ ፈቃድ ባይሰጡ እደግፋለሁ።