ሊኑክስ ሲነሳ የሚጠፋው የጋራ ፎልደር

የቢሮው ሰነድ ሁሉ ያለው አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ጠዋት ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት የጋራው ፎልደር ባዶ ሆኖ ይገኛል። «ሱዶ ማውንት ኤ» ብለው በእጅ ሲያዙት ግን ወዲያው ይሞላል። እንዲህ ከሆነ ሰርቨሩም፣ አድራሻውም፣ ፓስዎርዱም ደህና ናቸው፤ የተሳሳተው ጊዜው ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ምን ማውንት እንደሚደረግ፣ ማለትም ከፎልደር ጋር እንደሚያያዝ፣ የሚነግረው «ኤፍኤስታብ» የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በአንዱ መስመር ላይ ምኑ፣ የት፣ በምን ዓይነትና በምን አማራጮች እንደሚያያዝ ይጻፋል፤ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ብዙ ሰው ዜሮ አድርጎ ያልፋቸዋል። ከዩኒክስ የተወረሰ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 በሠራው ኤንኤፍኤስ የሌላ ማሽን ዲስክ በኔትወርክ ሲመጣም መስመሩ የተጻፈው እዚያው ነው።

ዛሬ በአብዛኞቹ ሊኑክሶች ኤፍኤስታብን የሚያነበው እ.ኤ.አ. በ2010 ብቅ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም ሲስተምዲ ነው። ሥራዎችን ጎን ለጎን ስለሚያስኬድ ማሽኑ ቶሎ ይነሳል፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሲስተምዲ «ኔትወርክ» ሲል ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ሥራ ጀመረ ማለቱ ነው። አድራሻ ተገኝቶ መስመሩ መሥራቱን የሚያመለክተው «ኔትወርክ ኦንላይን» የተባለው ሌላ ደረጃ ነው፤ እዚያ ሳይደረስ የተሞከረ ማውንት ይከሽፋል። በላፕቶፕ ላይ ይብሳል፦ የዋይፋዩ ፓስዎርድ በተጠቃሚው ስም ተቆልፎ ከተቀመጠ፣ ሰውየው እስኪገባ ድረስ ምንም ያህል ቢጠበቅ ኔትወርክ የለም።

ስለዚህ ኔትወርኩ የሚጠበቅበትን ጊዜ ከማራዘም ይልቅ እኔ የምመርጠው በአማራጮቹ ቦታ የሲስተምዲን «አውቶማውንት» መጨመር ነው። ያኔ ፎልደሩ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አይነካም፤ አንድ ሰው መጀመሪያ ሲከፍተው ነው ከሰርቨሩ ጋር የሚያያዘው። «ኖፌይል» ደግሞ ሰርቨሩ ቢጠፋም መነሳቱ እንዳይስተጓጎል ያደርጋል። ማውንቱ ኔትወርክ እንደሚፈልግ የሚናገረውን «ኔትዴቭ» ሁሉም ሰው ይመክራል፤ ነገር ግን ሲስተምዲ ኤንኤፍኤስንና የዊንዶውስ ዓይነቱን የፋይል መጋሪያ ሲፍስን ከዓይነታቸው ስለሚያውቃቸው፣ በእርግጥ የሚያስፈልገው እንደ አይስካዚ በኔትወርክ መጥቶ የማሽኑን የራሱን ዲስክ ለሚመስል ነገር ነው።

በእጅም ሲታዘዝ እምቢ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ስህተት 112 «ሰርቨሩ ጠፍቷል» ይላል፤ ፒንግ ሲደረግ ግን ሰርቨሩ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የሊኑክስ ከርነል 4.13 ሲፍስ የሚነጋገርበትን አሮጌውን ፕሮቶኮል ኤስኤምቢ 1 ቀዳሚ ምርጫው ማድረጉን ተወ፤ ከዚያ ሌላ የማያውቅ የድሮ የፋይል ማስቀመጫም መግባባት አቃተው። በአማራጮቹ ላይ ቨርዥን 1.0 ብሎ መጻፍ ያስከፍተዋል፤ የሚያዋጣው ግን ማስቀመጫውን ማሻሻል፣ ካልሆነም መቀየር ነው።