«ለተሻለ ደመወዝ» የምትለዋ መስመር

የሥራ ሞራል የሚወድቀው መልቀቂያ ከመጻፉ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ክርክር ነው። ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣ የነበረው ሠራተኛ ዝም ይላል፤ ስህተት ሲያይም «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ያልፋል። ማርፈድና መቅረት የሚከተሉት በኋላ ነው። አለቆች ይህን ዝምታ «አደብ ገዛ» ብለው ይተረጉሙታል፤ በሥራ አፈጻጸም ምዘናም ጥሩ ነጥብ የሚያገኝበት ጊዜ አለ።

በአንድ ድርጅት ንብረት ክፍል ዘጠኝ ዓመት የሠራች የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበረች። ከዓመት ፈቃድ ስትመለስ የመጋዘኑ ሁለተኛ ቁልፍ ያለ ርክክብ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አገኘችው። የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ ያለው ፊርማ የእሷ ነው፤ ዕቃ ቢጎድል የምትጠየቀውም እሷ ናት፤ በሩን የሚከፍቱት ግን ሁለት ሰዎች ሆኑ። ቆጠራ ተደርጎ እንደገና እንድትረከብ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቀች። ሦስቱም ደብዳቤ «ለፋይል» ተብሎ ተመራ። መልቀቂያ ስታስገባ ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶ «እህቴ፣ ስንት ቢጨመርልሽ ነው የምትቀሪው?» አላት። ጭማሪው ተፈቀደ፤ መልቀቂያው ተነሣ፤ ቁልፉ ግን ሁለት እንደሆነ ቀረ። ከሰባት ወር በኋላ ደመወዙ ወደሚያንስ ቦታ ሄደች። በስንብት ቅጹ ላይ «የለቀቀበት ምክንያት» ከሚለው ፊት የተሞላው «ለተሻለ ደመወዝ» የሚል ነው።

ይህች መስመር ሁሉንም ታስማማለች። ለቃቂው ከማንም ሳይጣላ ይወጣባታል፤ አለቃው ራሱን ሳይጠይቅ ያልፍባታል፤ የሰው ኃይል ባለሙያውም ለዓመት ሪፖርቱ የምትመች ቁጥር ያገኝባታል። ከዚያ «ሠራተኛ የሚለቅብን በደመወዝ ነው» ይባልና ስለ ደመወዝ እርከን ስብሰባ ይጠራል። ስለ ቁልፉ የሚጠራ ስብሰባ የለም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይኸው ይደገማል።

ደመወዝ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ወሩ ሳይጋመስ ደመወዙ ለሚያልቅበትና የቤት ኪራይ ለከበደው ሰው ስለ ተነሳሽነት ሥልጠና መስጠት ነውር ነው። ነገር ግን አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በፒትስበርግ አካባቢ ሁለት መቶ የሚያህሉ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ጠይቆ አንድ ልዩነት አውጥቷል። ደመወዝ፣ የቁጥጥር ሁኔታና የድርጅት አሠራር ሲበላሹ ያስከፋሉ፤ ሲስተካከሉ ቅሬታውን ያነሣሉ እንጂ ሰውን ለሥራ አያነሣሡም። ለሥራ የሚያነሣሣው የሥራው ውጤት፣ ዕውቅናና ኃላፊነት ነው። ሰው ለደስታው ራሱን፣ ለቅሬታው ሌላውን ምክንያት ማድረግ ስለሚወድ የጥናቱ ዘዴ ኋላ ላይ መተቸቱ አልቀረም። ቢሆንም ከኃላፊነት ሥልጣኑ ተነጥቆ ተጠያቂነቱ ብቻ ለቀረው ሰው የብር ጭማሪ መልስ እንደማይሆን ለማየት ጥናትም አያስፈልግም።

ሠራተኛውም በዚሁ ስህተት ይወድቃል። የከፋውን ነገር ሳይለይ በጥቂት መቶ ብር ብልጫ ቦታ ይቀይራል፤ በዓመቱ ደግሞ እዚያም ተመሳሳይ ምሬት ውስጥ ይገኛል። ለመቆየት ወይም ለመሄድ ከመወሰን በፊት የአንድ ወር መጥፎ ቀኖችን ከነምክንያታቸው በማስታወሻ መያዝ ይረዳል። ከዚያ እያንዳንዱ ምክንያት «ደመወዜ ነገ ቢጨመር ይህ ይቀራል?» በሚል ጥያቄ ይፈተሻል። የማይቀረው ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ይለያል። ምንጩ የቅርብ አለቃ ከሆነ የክፍል ዝውውር ሊበቃ ይችላል፤ ድርጅቱ ከሆነ ዝውውር ትርጉም የለውም፤ ሙያው ራሱ ከሆነ ድርጅት መቀየርም አይፈውሰውም።

ቀጥሎ የሚመጣው መናገር ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ አልበርት ኸርሽማን በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ያልረካ ሰው ያሉትን መንገዶች መውጣትና መናገር ብሎ ለይቷቸዋል። ሐሳቡ የተነሣው ከናይጄሪያ ምድር ባቡር ነው፤ አገልግሎቱ ሲበላሽ መጮህ የሚችሉት ደንበኞች ጭነታቸውን በከባድ መኪና ማጓጓዝ ጀመሩ፤ ባቡሩም የሚጮህበት አጥቶ እንደተበላሸ ቀጠለ። በመሥሪያ ቤትም ያለው ይኸው ነው። የካፌ ሐሜት ግን መናገር አይባልም። መናገር የሚባለው ችግሩን ከነመፍትሔው ጽፎ፣ መወሰን ለሚችል ሰው አድርሶ፣ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥር አስይዞ ቅጂውን ማስቀረት ነው። ለዚህ ደብዳቤ በተደጋጋሚ መልስ ከጠፋ ዝምታውን እንደ መልስ መቁጠር ይቻላል።

መውጣት ከተወሰነ የቀረው የሕግ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ነው። የግልና የልማት ድርጅት ሠራተኛ የሚገዛው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የሥራ መሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሌላ ሕግ አላቸው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። «ከነገ ጀምሮ አልገባም» ያለ ሰው እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ የሚቻለው ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ወይም ሌላ የሚያስቀጣ ድርጊት ሲፈጸም፣ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ሲደርስ፣ ደህንነትንና ጤንነትን የሚያሰጋ አደጋ እያለ አሠሪው ካላስወገደ፣ ወይም መሠረታዊ ግዴታዎቹን በተደጋጋሚ ካልፈጸመ ነው። ይህም መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ ከ15 የሥራ ቀናት በኋላ ይቀራል። ተበድሎ ዓመት የታገሠ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል።

በገዛ ፈቃድ ለሚለቅ ሰው የስንብት ክፍያ ጥያቄ የሚነሣው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ ነው፤ በአራት ዓመት ከአሥር ወር ተበሳጭቶ ደብዳቤ ማስገባት ውድ ብስጭት ነው። የጡረታ መብትና የሥልጠና ውል ውጤቱን ስለሚለውጡት ሰነዶቹን አስቀድሞ ማየት ይገባል። «ጡረታዬ ይቀልጣል» የሚለው ስጋት ግን መሠረት የለውም። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚከፍሉበት አገልግሎት ከአንዱ የግል ድርጅት ወደ ሌላው ሲኬድ ይደመራል።

ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ወደ ገንዘብ ይቀየራል። ቀሪ ሒሳብ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈል ይገባል፤ ሠራተኛው በእጁ ያለውን ንብረት በወቅቱ ካላስረከበ ግን መዘግየቱ የእሱ ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ በመጨረሻው ወር ከሁሉም የሚቀድመው ቆጠራና የተፈረመ የርክክብ ሰነድ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃውም ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ በላዩ እንዲሰፍር ሕጉ የሚያዘው የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ይከፈል የነበረው ደመወዝ ነው። የተለቀቀበት ምክንያት እንዲጻፍ አያዝም።