ያውቁ ኖሯል? ስሟ በአንገት ማሰሪያዋ ላይ የተጻፈላት ውሻ
እ.ኤ.አ. በ1899 ቪክቶር ሎሬ የተባለው ፈረንሳዊ የጥንታዊት ግብፅ ሊቅ፣ በነገሥታት ሸለቆ የቤተ መንግሥት ባለሟል የነበረውን የማይሄርፕሪን መቃብር በከፈተ ጊዜ፣ ከሟቹ ንዋይ መካከል በእንስሳት ሥዕል የተሸለሙ ሁለት የቆዳ የውሻ አንገት ማሰሪያዎች እንዳገኘ፣ በአንደኛውም ላይ «ታንታኑት» የሚል የእንስት ውሻ ስም ተጽፎ እንደነበር ያውቁ ኖሯልን? የማሰሪያዎቹ ዕድሜ ከ3,300 ዓመት በላይ ነው። ስም የተጻፈበት ማሰሪያ ዛሬም የጠፋን ውሻ ለጌታው ያስመልሳል፤ ይሁን እንጂ ገመዱን እየጎተተ የሚሄደውን ውሻ በአንገቱ መሳብ ጉሮሮውን ስለሚያስጨንቀው፣ ለሽርሽር ጊዜ ገመዱን በደረቱ ዙሪያ በሚታጠቀው ማሰሪያ ላይ ማያያዝ ይሻላል። የአንገቱ ማሰሪያ ሁለት ጣት ቢያስገባ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የላላ እንደሆነ ግን፣ ብልጥ ውሻ ወደ ኋላው አፈግፍጎ ራሱን ያወልቅና ማሰሪያውን በጌታው እጅ ትቶለት ይሄዳል።