የማይረሱት ስፒኖች

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ጆርጅ ፌኸር ፎስፈረስ በተጨመረበት ሲሊከን ውስጥ የኤሌክትሮን ስፒኖችን፣ ማለትም ጥቃቅን ማግኔትነታቸውን፣ ሲለካ እንግዳ ነገር ገጠመው። የፎስፈረስ አቶሞቹ ዝብርቅርቅ ብለው የተበተኑ ናቸው፤ ሆኖም ስፒኖቹ ወደ ጎረቤቶቻቸው በፍጥነት ያስተላልፉታል የተባለው ለውጥ ባለበት ቆየ። ዕድል ሆኖ ፊሊፕ አንደርሰን በዚያው ላብራቶሪ ይሠራ ነበር። በ1958 ምክንያቱን አሳየ፦ ዝብርቅርቁ ሲበረታ የኳንተም ሞገድ መተላለፊያ አጥቶ በቦታው ይታሰራል።

አንደርሰን ያሰላው ግን እርስ በርስ ለማይነካኩ ቅንጣቶች ነበር። ብዙ ስፒኖች ቢገፋፉስ? መነሻቸውን ያስታውሳሉ ወይስ ይረሳሉ?

ይህን ለማወቅ ስፒኖችን ኮምፒውተር ላይ በሰንሰለት ደርድሮ ለእያንዳንዱ በዕጣ የወጣ መግነጢሳዊ መስክ መስጠት ቀላል ነበር። የከበደው ሌላ ነው፤ አንድ ስፒን በተጨመረ ቁጥር የሁኔታዎቹ ብዛት እጥፍ ይሆናል። በ2010 አሪጂት ፓልና ዴቪድ ሂዩዝ እስከ 16 ስፒን ደርሰው የማስታወሱን ፍንጭ አዩ። ለ22 ስፒን ግን፣ ግማሾቹ ወደ ላይ ግማሾቹ ወደ ታች የሆኑበት ብቻ ቢወሰድ እንኳ፣ 705,432 ሁኔታዎች አሉ፤ ኢነርጂያቸው የሚሰላበትን ማትሪክስ (የቁጥር ሠንጠረዥ) ከነዜሮዎቹ ለመያዝ ብቻ 4 ቴራባይት ገደማ ሜሞሪ ይጠይቃል። የተለመዱት አቋራጭ ስሌቶች ደግሞ የሚደርሱት የኢነርጂው ጫፍ ላይ ነው። ምስጢሩ የተደበቀው መሃሉ ላይ ነበር።

በፈረንሳይዋ ቱሉዝ ዴቪድ ሉይትዝ፣ ኒኮላ ላፍሎረንሲና ፋብያን አሌ የሚሹትን ኢነርጂ ከማትሪክሱ ቀንሰው ውጤቱን ገለበጡት። መሃል የነበሩት ሁኔታዎች ጫፍ ላይ ወጡ! ደስታው ግን ዋጋ ነበረው፤ ለመገልበጥ ሲባል ማትሪክሱ ወደ ሌሎች ማትሪክሶች ብዜት ሲከፈል ባዶ የነበሩት ቦታዎች በቁጥር ተሞሉ፤ አንድ ማሽን የማይችለው ሸክም ሆነ።

ስለዚህ ሸክሙን ለብዙ ፕሮሰሰሮች አከፋፈሉት። እያንዳንዱ ድርሻውን እያሰላ ለሌሎቹ ያቀብላል። አንዱ ዕጣ ሲያልቅ ሌላ ዕጣ ወጥቶ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ አንድ ዝብርቅርቅ ብቻውን ምስክር አይሆንምና። ይህን ያህል መታከት በማስታወስና በመርሳት መካከል ላለ አንድ ድንበር! በ2015 ግን ድንበሩ በ22 ስፒን ታየ፦ ዝብርቅርቁ ሲደክም ስፒኖቹ ይረሳሉ፣ ሲበረታ ያስታውሳሉ፤ መለያው መስመርም ከኢነርጂው ጋር ይለዋወጣል።

በ2018 ሉይትዝና አሌ ከባልደረቦቻቸው ጋር 26 ስፒን ደረሱ፤ 10,400,600 ሁኔታዎች። ታሪኩ ያበቃ ሲመስል፣ በ2020 የስሎቬኒያ ተመራማሪዎች ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ድንበሩ ወደበረታ ዝብርቅርቅ እየሸሸ ሊሆን ይችላል ብለው ተነሡ። ክርክሩን ለመዳኘት ከ26 በላይ መውጣት አስፈለገ።