ስም ያልወጣለት ፊደል

በምሥራቅ ሱዳን የምትገኘው የገዳሪፍ ከተማ ስም በአፍ ሲጠራ በ«ገ» ቢጀምርም፣ በዐረብኛ ሲጻፍ ግን ከ«አል» ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ቃፍ ነው፤ ከመተማ ማዶ ያለችው ገላባትም እንዲሁ በቃፍ ትጻፋለች። መደበኛው የዐረብኛ ፊደል ለ«ገ» ድምፅ የተለየ ምልክት ስለሌለውና ሱዳናውያን በዕለት ንግግራቸው ቃፍን እንደ «ገ» ስለሚያሰሙት፣ የከተማዋ ስም በጽሑፍ አንድ፣ በአንደበት ሌላ ሆኖ ይኖራል። አንድ ሕዝብ ለሌላ ቋንቋ በተሠራ ፊደል ሲጽፍ ማደሪያ የሚያጣ ድምፅ ሁልጊዜ ይኖራል፤ ለዚያ ድምፅ ምልክት ማበጀት፣ ለምልክቱም ስም ማውጣት ቋንቋውን ከመጠበቅ ተለይቶ የሚታይ ሥራ አይደለም።

በዛሬዋ ፈረንሳይ ምድር ይኖሩ የነበሩት ጋውሎች ይህ ችግር ገጥሟቸው ነበር። ቋንቋቸውን በመጀመሪያ በግሪክ፣ ዩልየስ ቄሳር ከ58 እስከ 50 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ባካሄደው ዘመቻ አገራቸውን ከያዘ በኋላም በብዛት በላቲን ፊደል ሲጽፉ፣ ሊቃውንት «ትስ» ወይም ለእርሱ የቀረበ ነው የሚሉትን ድምፅ የሚይዝ ምልክት ስላላገኙ፣ የላቲኑን «ዲ» በአጭር ሰረዝ አቋርጠው ተጠቀሙበት። ሲሮና የተባለችው ሴት አምላክ ስም በዚህ ፊደልም በ«ኤስ»ም ተቀርጾ ይገኛል። ፊደሉ ዛሬ «ታው ጋሊኩም» ማለትም «የጋውሎች ታው» ይባላል፤ ስያሜው የተወሰደውም ለሮማዊው ባለቅኔ ለቨርጂል ከሚሰጥ አጭር ግጥም ነው። ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥርና ስም የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው መዝገብ ሰረዝ ያለበትን «ዲ» የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

የግእዝ ፊደልም የራሱ ባለሰረዝ አለው፤ እርሱም «ጘ» ነው። አማርኛ ከ«ሰ» «ሸ»ን፣ ከ«ደ» «ጀ»ን እንዳወጣ ሁሉ፣ ይህም በ«ገ» አናት ላይ ምልክት በመጨመር የተገኘ ሲሆን፣ የሚያገለግለውም ከአገው ቋንቋዎች ወገን ለሆኑት ለአዊኛና ለብሊን ነው። አዊኛ በአማራ ክልል በአዊ ዞን ይነገራል፤ ብሊን ደግሞ በኤርትራ በከረን አካባቢና ከገዳሪፍ በስተሰሜን ባለችው በከሰላ ተናጋሪዎች አሉት። የብሊን ጽሑፍ በግእዝ ፊደል መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ ኦስትሪያዊው የቋንቋ ሊቅ ሊዮ ራይኒሽም የቋንቋውን መዝገበ ቃላት በ1887 አሳትሟል።

ድምፁ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም። «እንጀራ» ሲባል በ«ን» ላይ ምላስ ከፊት ላንቃን ይነካል፤ «እንግዳ» ሲባል ግን የምላስ ሥር ወደ ኋላ ተነሥቶ ድምፁ በአፍንጫ ይወጣል፤ ከዚያ ላይ «ግ»ን አስቀርቶ የቀረውን ብቻ ያሰማ ሰው «ጘ»ን አገኘው ማለት ነው። በአማርኛ ይህ ድምፅ ከ«ግ» ወይም ከ«ክ» ተለይቶ ስለማይቆም ፊደል አላስፈለገውም፤ በአዊኛ ግን ራሱን ችሎ ይቆማል፤ የቋንቋው ስም ራሱ በባለቤቶቹ አንደበት «አውጚ» ነው። አማርኛ ጸሐፊ «አውንጊ» ብሎ ሲጽፍ አንዱን ድምፅ ለሁለት ይከፍለዋል።

ፊደሉ በዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ተመዝግቧል፤ ከንፈር ተሞጥሙጦ የሚነገሩት ዝርያዎቹም በ2005 ተጨምረዋል። የተሰጠው ስም ግን የላቲኑን «ጂ» ሁለት ጊዜ የሚደግም በመሆኑ፣ የማያውቅ አንባቢ ጠብቆ የሚነበብ «ገ» ይመስለዋል እንጂ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ መሆኑን ከስሙ ሊረዳ አይችልም። ስሕተቱንም ማረም አይቻልም፤ የመዝገቡ ደንብ አንዴ የተሰጠ ስም እንዲለወጥ አይፈቅድምና።

የአገሩ ልማድ ግን የተሻለ መንገድ ያውቃል። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ሕዝቡ «እሳቱ ሰ»፣ «ንጉሡ ሠ»፣ «ብዙኃኑ ኀ» እያለ፣ በሚጻፉባቸው ቃላት እየሰየመ ለይቷቸዋል። «ጘ»ም በዚሁ ሥርዐት ከራሱ ቃል ስም ሊወጣለት ይገባል፤ ፊደል የሚያስቆጥሩ መምህራንና የፊደል ገበታ የሚያሳትሙ ሁሉ «አውጚው ጘ» ብለው ቢጠሩት፣ ስሙ ድምፁንም ባለቤቱንም ያሳውቃል።