ውድ ዕቃ ሁሉ ዋጋውን ያወጣልን?

ሰው ከገበያ የሚገዛው ዕቃ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ያለ እርሱ መኖር የማይቻል ነው፤ ይኸውም እህሉ፣ ልብሱ፣ መጠለያውና መድኃኒቱ ነው። ሁለተኛው ግን ቢኖር ደስ የሚያሰኝ፣ ባይኖር የማይጎዳ፣ ዋጋው ግን ከመጀመሪያው እጅግ የሚበልጥ ነው። ይህን ሁለተኛውን የቅንጦት ዕቃ እንለዋለን። ጥያቄያችንም፣ የቅንጦት ዕቃ የሚጠየቅበትን ያህል ዋጋ በእውነት ያወጣልን? ወይስ ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ለዕቃው ሳይሆን ለስሙ ነው? የሚል ነው።

ጥያቄው በተለይ የሚነካው ወጣቱን ነው። ተማሪው ከጓደኛው ላለማነስ ያስባል። ትምህርቱን ጨርሶ መሥሪያ ቤት የገባው ወጣትም የመጀመሪያ ደመወዙን በእጁ በጨበጠ ጊዜ ከኪሱ በፊት ዓይኑ ወደ ሱቁ መስኮት ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩን በስሜት ሳይሆን በሒሳብ መመርመር ይገባል። መልሱንም ለመፈለግ ፓሪስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ተነሥተው በደብረ ብርሃን በኩል ጣርማ በርን አቋርጠው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ የሚገኘው የይፋት ቆላ ይህን ጉዳይ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል።

የይፋት አገር ከ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ 15ኛው መጀመሪያ ድረስ በወላስማ ቤተ መንግሥት ሥር ሆኖ ከደጋው ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደውን የንግድ መንገድ ይዞ ነበር። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ14ኛው ምዕተ ዓመት ከይፋት ገዢዎች ጋር ካዋጓቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው መንገድ ነው። ምክንያቱም በዚያ መንገድ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ክብደቱ ጥቂት፣ ዋጋው ግን ብዙ ነበርና መንገዱን የያዘ ሰው ቀረጡን ይይዛል። የፈረንሳይ የአርኬዎሎጂ ሊቃውንት በይፋት ካጠኗቸው ፍርስራሽ ከተሞች መካከል ኖራ፣ አስበሪና መሳል የተባሉት ይገኛሉ። የመስጊዱና የቤቱ የድንጋይ ግንብ እስከ ዛሬ ይታያል።

ከዚያም በኋላ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር ግርጌ የሚገኘው የአልዩ አምባ ገበያ ገናና ነበር። ከታጁራ ወደብ በአፋር በረሃ አቋርጠው የሚመጡ የግመል ቅፍለቶች ሐር፣ የውጭ አገር ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ ያራግፉበት ነበር። ሲመለሱም ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ደግሞም የታሪካችን ኀዘን የሆነውን የተሸጠ ሰው ይዘው ይወርዱ ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1841 ወደ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም የመጣው በዚሁ በታጁራ መንገድ ነው።

እንግዲህ በአልዩ አምባ የተዘረጋው ሐር ውድ የሆነው በከንቱ አልነበረም። ግመሉ በመንገድ ይሞታል፤ ውኃው ይጠፋል፤ ሽፍታው ይዘርፋል፤ በየኬላውም ቀረጥ ይከፈላል። ይህ ሁሉ በሐሩ ዋጋ ላይ ይደመራል። ስለ አሞሌ ጨውም የምናውቀው ከዚህ የተለየ አይደለም። ከ1520 እስከ 1526 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ ያው አንዱ አሞሌ ጨው ከሚቆረጥበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄድ ነበር። ጨውነቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መንገዱ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ዋጋ አንድ ነገር ብቻ አለመሆኑን ነው። ከፍ ያለ ዋጋ ቢተነተን አምስት ክፍል ይወጣዋል። እነርሱም አንደኛ ዕቃው የተሠራበት ጥሬ ነገር፣ ሁለተኛ የሠሪው ድካምና ሙያ፣ ሦስተኛ መጓጓዣውና ቀረጡ፣ አራተኛ ብርቅነቱ፣ አምስተኛ ስሙ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የተደከመባቸው ናቸው። አራተኛውና አምስተኛው ግን ብዙውን ጊዜ በገዢው ሐሳብ ውስጥ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ብልህ ገዢ «ስንት ነው?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ «ከዚህ ዋጋ ውስጥ የትኛው ክፍል ይበዛል?» ብሎ ይጠይቃል።

ለምሳሌ የእጅ ሰዓትን እንመልከት። የጃፓኑ ሴይኮ ኩባንያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በታኅሣሥ ወር 1969 በኳርትዝ ድንጋይ የሚሠራ የመጀመሪያውን የእጅ ሰዓት ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው 450,000 የን ነበር። በጊዜው ይህ ገንዘብ አንዲት ትንሽ አውቶሞቢል የሚገዛ ነበር። ዛሬ ግን የኳርትዝ ሰዓት በመንገድ ዳር ይሸጣል፤ በወር ውስጥ የሚያዛባውም 15 ሴኮንድ ገደማ ነው። በአንጻሩ የስዊስ መርማሪ ድርጅት «ክሮኖሜትር» ብሎ የሚያጸድቀው በሞላ የሚሠራ ውድ ሰዓት በአንድ ቀን ብቻ እስከ 4 ሴኮንድ ወደ ኋላ፣ እስከ 6 ሴኮንድ ወደ ፊት እንዲያዛባ ይፈቀድለታል። እንግዲህ ሰዓት የሚገዛው ሰዓት ለማወቅ ከሆነ ርካሹ ከውዱ ይበልጣል። ውዱን የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለጥቃቅኑ ጥርስና ለሠሪው እጅ ጥበብ ነው፤ ከዚያ የሚተርፈውም ለስሙ ነው። ሙያ አድናቂ ከሆነና አቅሙ ከፈቀደለት የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን «ትክክለኛ ሰዓት ስለምፈልግ ነው» ቢል ራሱን ያታልላል።

ዋጋ ራሱ ምላስን እንደሚያታልልም ተመርምሮ ታውቋል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2008 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ለ20 ሰዎች አንዱን ወይን ጠጅ አንድ ጊዜ «ዋጋው 10 ዶላር ነው»፣ ሌላ ጊዜ «ዋጋው 90 ዶላር ነው» እየተባለ እንዲቀምሱት አደረገ። ጠጪዎቹም 90 ዶላር የተባለውን ይበልጥ ጣፋጭ አሉት። በአእምሮአቸውም ውስጥ ደስታን የሚያመለክተው ክፍል በመሣሪያ ሲታይ ይበልጥ ሠርቶ ተገኘ። ዋጋው ሳይነገራቸው በቀመሱ ጊዜ ግን ልዩነቱ ጠፋ። አሜሪካዊው የኤኮኖሚ ሊቅ ቶርስታይን ቬብለንም ቀደም ብሎ በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ባለጸጋ ሰው ብዙ ዕቃ የሚገዛው ሊጠቀምበት ሳይሆን ሊታይበት ነው፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ዋጋው ቢረክስ ተፈላጊነቱም ይቀንሳል የሚለውን ሐሳብ አስፋፍቶ ነበር።

ሻጮቹም ይህን አሳምረው ያውቁታል። የእንግሊዙ የልብስ ኩባንያ በርበሪ እስከ መጋቢት 2018 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ባለው የሒሳብ ዓመት 28.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ያልተሸጠ ዕቃ አጥፍቷል። ረክሶ ተሸጦ ስሙ እንዳይዋረድ ነው። ነቀፌታ ስለ በዛበትም በዚያው ዓመት ይህን ልማድ መተዉን አስታወቀ። በ2024 ደግሞ የሚላኖ ፍርድ ቤት ባየው ጉዳይ፣ የዲዮር ስም ያለበት በ2,600 ዩሮ የሚሸጥ አንድ የእጅ ቦርሳ ለሠሩት ንዑስ ተቋራጮች የተከፈለው 53 ዩሮ መሆኑ ተገለጠ። በዚህ ውስጥ የቆዳው ዋጋ፣ የንድፉና የማስታወቂያው ወጪ እንዳልተቆጠረ ማወቅ ያስፈልጋል። ቢሆንም ከ2,600 ውስጥ የሠሪው እጅ ያገኘው ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል።

እንግዲህ «ውድ ነገር ሁሉ ማታለያ ነው» ብለን እንደምድምን? አይደለም። እንዲህ ብንል በገዛ ባለሙያዎቻችን ላይ እንፈርዳለን። የይፋት አርጎባዎች ከንግድ ጋር በሽመና ሙያ የታወቁ ናቸው። አንድ ጋቢ ከመልበስ እስኪደርስ ጥጡ ይለቀማል፣ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል። ከዚያም ሸማኔው ድሩን አድርቶ ማጉን እያቀበለ ይሠራዋል፤ አራት እጥፍም ሆኖ ይሰፋል። በዚህ ዋጋ ውስጥ የሚበዛው ክፍል የሰው እጅ ነው። እንዲህም ሆኖ በገበያ የምናየው የተገላቢጦሽ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ከሸማኔው ፊት ቆሞ ዋጋ ይሰብራል።

«ጋሼ፣ ይህማ በጣም ተወደደ። ሁለት መቶ ብር ይቀንሱልኝ።»

«ልጄ፣ ፈትሉን የፈተለችው እኮ እናትህን የምታህል ሴት ናት። ከእርስዋ ድርሻ ልቀንስ ወይስ ከኔ?»

ይኸው ወጣት አዲስ አበባ ወጥቶ በመስተዋት ሱቅ ውስጥ የውጭ ስም የተጻፈበት ጫማ ሲገዛ ግን አንድ ብር አይከራከርም። መከራከር ያሳፍረዋልና። እጅ በበዛበት ዋጋ እየተከራከርን ስም በበዛበት ዋጋ ዝም የምንል ከሆነ፣ ክብርን የሰጠነው ለማን እንደ ሆነ ማሰብ አለብን።

መለኪያው እንግዲህ ምን ይሁን? ቀላል ሒሳብ አለ። የዕቃውን ዋጋ ለሚያገለግልበት ቀን ማካፈል ነው። ወሩን በ30 ቀን ቆጥረን፣ አንድ ጫማ 2,400 ብር ተገዝቶ 8 ወር ቢያገለግል በቀን 10 ብር ሆነ። ሌላው 5,400 ብር ተገዝቶ 3 ዓመት ቢያገለግል በቀን 5 ብር ሆነ። ስለዚህ ሁለተኛው ሲገዙት ውድ፣ ሲያደርጉት ግን ርካሽ ነው። ሦስተኛው ባለ ስሙ ጫማ 28,800 ብር ተገዝቶ 4 ዓመት ቢያገለግል በቀን 20 ብር ሆነ። በሦስተኛው ላይ የተጨመረው ገንዘብ እግርን ከእሾህ አላዳነም፤ ያዳነው ነገር ቢኖር «ምን ይሉኛል» ከሚል ሐሳብ ነው። ከሁሉ ርካሹን መግዛት ሁልጊዜ ቁጠባ አይደለም፤ ከሁሉ ውዱን መግዛትም ሁልጊዜ ጥራት አይደለም።

ነገሩ የአንድ ሰው ኪስ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከውጭ የሚመጣ የቅንጦት ዕቃ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ምንዛሪውም ከሰማይ አይዘንብም። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በቀወት ወረዳ ያለው ገበሬ በጠራራ ፀሐይ ማሾ ይዘራል፣ ያርማል፣ ያጭዳል። ማሾው ወደ ውጭ አገር ተልኮ ዶላር ያመጣል። አንድ ጠርሙስ ሽቶ በስንት ኩንታል ማሾ እንደሚለወጥ ወጣቱ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቢያሰላው ከብዙ ስብከት ይበልጥ ያስተምረዋል።

መንግሥት በበኩሉ በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ አድርጎ ነበር። ከእነርሱም ውስጥ የቤት አውቶሞቢል፣ አልኮል መጠጥ፣ ሽቶ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉርና ቸኮላት ይገኙ ነበር። ይህ ክልከላ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ጋር ተነሣ። ክልከላ ይመጣል፣ ክልከላ ይሄዳል። የገዢው ፍላጎት ግን በአዋጅ አይታገድም። ስለዚህ የሚቀረው እያንዳንዱ በራሱ ላይ የሚያወጣው ደንብ ነው።

ከሁሉም ይልቅ አሳሳቢው የወጣቱ ሠራተኛ ነገር ነው። ደመወዙ የታወቀ ነው፤ ባልደረቦቹም ያውቁታል፤ ባለጉዳዩም ይገምተዋል። ከደመወዙ በላይ የሆነ ሰዓትና ስልክ ይዞ ከጠረጴዛ ኋላ ሲቀመጥ ሁለት ነገር ይደርስበታል። ወይ በዕዳ ገዝቶታልና ወር በመጣ ቁጥር ለአበዳሪው ይሠራል፤ ወይም ደግሞ ባለጉዳዩ «ይህ ሰው የሚያስፈልገው አለ» ብሎ ፖስታ ይዞ ይመጣል። ጉቦ አብዛኛውን ጊዜ በረኃብ ምክንያት አይጀምርም፤ ከአቅም በላይ በሆነ ጌጥ ይጀምራል። አባቶቻችን «በሰው ወርቅ አይደምቁም» ያሉት፣ ደግሞም «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ያሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ይህን ስንል ወጣት አይጊጥ፣ ሙሽራም አታጊጥ ማለታችን አይደለም። ማማር የሰው ተፈጥሮ ነው፤ የይፋት ነጋዴም ያን ሁሉ በረሃ ያቋረጠው ሰው ማማር ስለሚወድ ነው። ነገር ግን ከመግዛት በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። ይህ ዕቃ ስሙ ቢፋቅ እገዛዋለሁን? ዋጋውን ለዕድሜው ሳካፍለው በቀን ስንት ይደርሳል? ገንዘቡስ የገዛ ላቤ ነው ወይስ የሌላ ሰው? ሦስቱንም ያለ ሐፍረት የሚመልስ ሰው ዕቃው ውድ ቢሆንም ይግዛው፤ ዋጋውን ያወጣልና። መመለስ ያቃተው ግን ገንዘቡን ያስቀምጥ፤ ሸማኔው ነገም ገበያ ይወጣል።