ወደ ኮርያ የዘመተው ተራ ወታደር

ዘማች ማለት በመንግሥት ትእዛዝ ቤቱን ትቶ ለጦርነት የወጣ ሰው ማለት ነው። የዘመቻ ታሪክ ሲነገር ግን አብዝቶ የሚነሣው የአዛዡ ስም ነው፤ ተራውን ወታደር ከቤተ ሰቡ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ወታደር ማን እንደ ነበረና ስለ ምን እንደ ሄደ ማስረዳት ተገቢ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ኢትዮጵያ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብላ ነበር፤ ነገር ግን ጦር ልኮ የደረሰላት መንግሥት አልነበረም። በዚያ ወራት ሕፃን የነበረው ልጅ አድጎ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮርያ ጦር ደቡቡን ሲወር የተባበሩት መንግሥታት ርዳታ ጠየቁ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የጥቃትን ነገር በራሳቸው አገር አይተውት ነበርና ከክቡር ዘበኛ አንድ ሻለቃ ጦር መርጠው ሰደዱ። ስሙም በራስ መኰንን የፈረስ ስም ቃኘው ተባለ።

ይህ ጦር በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ። ሐዲዱ የሳሪስ አቦ ሰዎች በሚያውቁት በአቃቂ በኩል ወደ ቢሾፍቱ ያልፍ ነበር። ከጅቡቲ በመርከብ ተጉዞ ኮርያ ከደረሰ በኋላ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋራ ተሰለፈ። በረዶ ለጥቂት ጊዜ ሲወርድ እንጂ ምድርን ለወራት ሲሸፍን አይቶ የማያውቀው ወታደር በተራራ ምሽግ ውስጥ ከረመ። ጦሩ በየዓመቱ እየተተካ፣ ተኩስ እስከ ቆመበት እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ድረስ ተዋጋ። ከ120 የሚበልጡ ሞቱ፣ ከ500 የሚበልጡ ቈሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድ ስንኳ አልነበረም። ወላጅ ያጡ የኮርያ ሕፃናትንም ወታደሮቹ ይረዱ ነበር።

ከተመለሰም በኋላ ዘመኑ አልቀናለትም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች ያደረጉት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ወዲያ ጦሩ የቀድሞ ክብሩን አጣ። በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው ደርግ ደግሞ ከሰሜን ኮርያ ጋራ ወዳጅ ስለ ሆነ፣ በኮርያ ተዋግቻለሁ ብሎ መናገር አስቸጋሪ ሆነ። አባት ዝም ሲል ልጅ ሳያውቅ አደገ።

ዛሬ ከእነዚህ ዘማቾች በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ከታናናሾቹም ዕድሜው ከዘጠና ዓመት የሚያንስ አይገኝም ማለት ይቻላል። መምህር ሆይ፣ በየወሩ በ5ኛው ቀን ሕዝብ ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል በሚሰበሰብበት ጊዜ በአጥቢያህ ዘማች ወይም የዘማች ልጅ እንዳለ ጠይቅ። የተወለደበትን ቀበሌ፣ የዘመተበትን ዓመት፣ እርሱ በሌለበት እርሻውን ማን እንዳረሰ፣ ሲመለስም ምን እንዳገኘና ምን እንደ ቀረበት ተማሪዎችህ ይጻፉ፤ ጽሑፉም በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ። እናንተም ሽማግሎች፣ ያያችሁትንና የሰማችሁትን አትሸሽጉ። የአዛዦቹ ነገር በመጽሐፍ አለ፤ የተራው ወታደር ነገር ግን ያለው በእናንተ ዘንድ ብቻ ነው።